ሰርቨሩ አልቀበል ያለው ኬሂንዴ

ሰኞ፣ ጁን 2
ኢባዳን፣ ናይጄሪያ። ዝናብ። ቢሮ ጄኔሬተር ሲጮህብን ዋለ። ከኢግቦ-ኦራ ክሊኒክ ሲስተር ሞጂሶላ ደወሉ። "ልጄ፣ መንታ ስመዘግብ የሠራኸው የክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም አንዱን ይቀበላል፣ ሁለተኛውን ይመልስብኛል።" ኔትወርክ ነው፣ ደጋግመው ይሞክሩ አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ደጋግመው ሞከሩ። ያው ነው። ኩፍኝ ጎረቤት መንደር ገብቷል። የዓርቡ ክትባት የሚጫነው ደግሞ በተመዘገበው ሕፃን ልክ ነው። "መንታ በሞላበት ከተማ ለእናትየው የትኛውን ልጅሽን ልመልሰው ልበላት?" ብለው ጮኹብኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 4
ዛሬ መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር የሚመልሰውን ራሱን ከፍቼ አየሁት። 409 የሚል የስህተት ቁጥር። የኔ ጉድ ፕሮግራም ቁጥሩን ብቻ አይቶ "አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ" ይላል። ከሥሩ ግን ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ "በዚህ የእናት ስልክና በዚህ የልደት ቀን ሕፃን ተመዝግቧል።"

ምን ኔትወርክ! ቁጥሩ አምስት መቶ ቤት ቢሆን የሰርቨሩ ጣጣ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ነበር። አራት መቶ ቤት ግን የላክነው አልተስማማኝም ማለቱ ነው፤ ያንኑ መቶ ጊዜ ብትልክ መቶ ጊዜ ይመልስልሃል። እኛ ዘንድ ከመንታ ቀድሞ የሚወጣው ታይዎ፣ ተከታዩ ኬሂንዴ ይባላል፤ ሰርቨሩ ኬሂንዴን ታይዎ መስሎታል! መመሪያው ላይ "የአወላለድ ተራ" የሚል ቦታ አለ... እኛ ዘለልነው። ጨመርኩት። እፎይ።

ሐሙስ፣ ጁን 5
ምን እፎይ! አሁን ደግሞ 422፣ ያው አራት መቶ ቤት። ማታ ምዝገባው ሊዘጋ... እስከ ታች አነበብኩ፦ "ተራ 1 የተወለደበት ሰዓት ከተራ 2 በኋላ ነው።" ደወልኩ።

"ሲስተር፣ አንድ ብለው የጻፉት ማንን ነው?"

"ኬሂንዴን ነዋ።"

"ቀድሞ የወጣው ታይዎ አይደል?"

"ታይዎማ ኬሂንዴ ዓለምን ቀምሰህ ና ብሎ የላከው ታናሽ ነው። ታላቅ ይላካል እንዴ? አንተ የማን አገር ልጅ ነህ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምጽፈው። ጥያቄውን "ቀድሞ ከማኅፀን የወጣው ማን ነው?" ብዬ ቀየርኩት። እንደገና ላኩ። 201... ተመዝግቧል! ተመስገን!

ዓርብ፣ ጁን 6
ሲስተር ደወሉ። "ሁለቱም ተወጉ። ስማ" አሉና ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞሩት። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል... ኧረ እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! እንደዚህ ደስ ያለኝ ቀን የለም።