ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ፈቃድ

ይድረስ ጄኔቭ ላለኸው ወንድሜ ጋሼ ቀጀላ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህስ ተሻለው? እኛ በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ለማለት ግን አፌ አልደፍር አለኝ።

ሐምሌ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች ስብሰባ የአባባን ቃል ስታነብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ስልኬን ከቦ አይቶሃል። «የአያቶቻችን መቃብር ያለበት ጉብታ ለድንጋይ ካባ ሲቆፈር ማንም አልጠየቀንም» ስትል አባባ አለቀሰ። እንደ እኛ ያሉ ሕዝቦች ለዓመታት ጮኸው፣ ሳይጠየቁ መሬታቸው እንዳይነካ በዓለም ሕግ እንዳስጻፉ የነገርከንንም ደጋግሞ አስነገረኝ።

ጩኸትህ ከንቱ አልቀረም፤ ቁፋሮው ቆሞ የካባው ድርጅት የነዋሪውን ፈቃድ አቅርብ ተባለ። መስከረም ላይ የድርጅቱ ሰዎች በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ለመንደሩ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ እንዳስተረጉም የቀበሌው አለቃዬ ላከኝ። «እምቢ ካልሽ ሥራሽን እርሺው» አለኝ።

ወረቀቱ «ተጠይቀን ፈቅደናል» ይላል። አባባ «ቀኑ መቼ ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁፋሮው ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት መሆኑን ነገርኩት። «ያኔ ማንም አልመጣም፤ አንቺም ታውቂያለሽ» አለና ከዘራውን አንስቶ ወጣ። ስድስት ሽማግሌዎች አሻራቸውን አኖሩ። የአባባ አብሮ አደግ ኦቦ ኦሊቃ እንኳ «ጉብታው እንደሆነ ሄዷል፤ መንገድ እንኳ ይሥሩልን» ብሎ አሻራውን አደረገ። እኔም በአስተርጓሚነት ፈረምኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም።

በሳምንቱ ዶዘሩ ተመልሶ የቀረውን ጉብታ ገለበጠው። አባባ የአያቱን አጽም በጋቢው ለቅሞ ጓሯችን ቀበረ። ልረዳው ስጠጋ «ተይው» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግረኝም።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁት። አሁን ይህን ደብዳቤ ሰው እንዳያይብኝ አምቦ ድረስ ወስጄ ነው የምልከው። ጉባኤው ፊት አቅርበው፤ ቀኑ ሐሰት ነው። እያወቀች የፈረመችው እህቴ ናት በላቸው፤ ስሜንም አትደብቅ። ከሥራ መባረሩን እችለዋለሁ፤ ያልቻልኩት የአባባን ዝምታ ነው።

እማዬ ጉንጭህን በናፍቆት ትስማለች። ልጄ ጣቢታ በረዶ የሚታይበት ፎቶ ላክልኝ ትልሃለች። ኦቦ ኦሊቃ አንገቱን ደፍቶ «ሰላም በይልኝ» ብሏል። የአባባን ሰላምታ ግን ላደርስልህ አልቻልኩም፤ በእኔ በኩል መላክ ትቷል።

እህትህ አያንቱ ጅሩ
ሸነን፣ ጥቅምት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.