ወደ አል ዐይን ያመጣነው ባሕር

ሁሴንዬ፣ አላህ ያረፍክበትን ያብርድልህ።

አንተ ከተለየኸን ወዲህ የዚህ አገር ሙቀት ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያውን አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ ሰው ሲያልበው አያለሁ እንጂ እኔን የነካኝ አይመስለኝም ነበር። የዘንድሮውን ግን አወቅሁት። ያወቅሁትም በገላዬ ሳይሆን በዓሣ ገንዳህ ነው። ይሞትብኛል ብዬ የፈራሁትን ፍርሃት ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው ብዬ ይኸው ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። አቡ ዳቢ፣ አል ባጢን ያለችውን ክፍላችንን ለቀናል። ባንተ ቦታ ለቪላው ሌላ ሾፌር መጣ፣ ክፍሏም ለእሱ ሆነች። አሠሪዎችህ ደጎች ናቸው፣ አላጣደፉንም። ልጃችን ሐናን ትምህርቷን ጨርሳ አል ዐይን አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም በራሷ ነው። ስልክ ስታነሳ በሦስት ቋንቋ ነው የምትመልሰው፣ ብትሰማት ደስታህን አልችለውም ነበር። እኔም ተከትያት መጥቼ አንዲት አሮጊት ማዳም ዘንድ ወጥ ቤት ገባሁ። ማዳም ከግቢው ጀርባ ያለችውን ክፍል ለሁለታችን ሰጠችን። መቃብርህ በአቡ ዳቢ ወገን ቀረ፣ እኛ ባሕር የሌለበት ከተማ ገባን። እዚህ ተምርና አሸዋ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ተራራው።

ስንነሳ ገንዳህን ትቶ መምጣት ነበር ቀላሉ። ሐናን "ማሚ፣ ዓሣ ለሚሸጡት እንስጣቸው፣ ኢትስ ኦኬ" ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሚስትህ እያልኩ ስዘልፋት የኖርኩት እኔ።

መስታወቱን አስቆርጠህ የመጣህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ወለሉ ላይ ተቀምጠህ ማዕዘኖቹን በፕላስተር አስረህ በሲሊኮን ማጣበቂያ ለበጥካቸው፤ ሽታው ስለከበደን መስኮት ከፍተን አደርን። መጀመሪያ ውሃ የሞላኸው ጊዜ በአንደኛው ጥግ አፍስሶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። አንተ ሳቅህ፣ እኔ አልሳቅሁም። ፈትተህ እንደገና ገጠምከው። በኋላ አውራ ጣት የምታህል ነገር ድንጋይ ላይ ተለጥፋ ገዝተህ መጣህ። ድንጋይ ላይ ድንጋይ ተለጥፎ ይሸጣል ወይ ብዬ ሳፌዝብህ፣ "ድንጋይ አይደለም ዘሃራዬ፣ ኮራል ነው፣ እንስሳ ነው። አፍ አለው። ቆይተሽ ታዪዋለሽ" አልከኝ። ያቺ ቁራጭ አሁን መዳፍ ታህላለች። ስትከፈት አረንጓዴ ጣቶቿ ውሃው ውስጥ ነፋስ እንዳገኘው የጤፍ ቡቃያ ይወዛወዛሉ።

የመጣነው በሐናን ጓደኛ መኪና ነው። ውሃውን በጀሪካን፣ ኮራሉን ክዳን ባለው የምግብ ዕቃ፣ ሁለቱን ዓሦች በባልዲ አድርገን፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አየር እየነፋላቸው። ውሃው እንዳይሞቅ ኤሲው አይቀነስ ብዬ፣ ባልዲውን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ደረስኩ። የገንዳው ክዳንና የጨው መለኪያህ መንገድ ላይ ተሰበሩ። ነፍስ ያለው ግን ሁሉም በሕይወት ገባ። ማዳም ምርኩዟን ይዛ በራፉ ላይ ቆማ አየችው። "ቆንጆ ነው" አለች። "ከሸተተ ግን ኸላስ፣ በቃ፣ ወደ ውጭ።"

ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። የአቡ ዳቢ አየር እርጥብ ነበር፣ ገንዳውም ክዳን ነበረው፣ ውሃው ብዙም አይጎድልም። የዚህ አገር አየር ግን ይጠጣል። ጠዋት ስነሳ ውሃው ወርዶ፣ የነበረበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ቀርቶ አገኘዋለሁ። እኔም እሞላለሁ። አንተ በሰማያዊው ጆግ ጨው ስትበጠብጥ አይ ስለነበር፣ የባሕር ፍጡር የባሕር ውሃ ነው የሚፈልገው ብዬ ጨው በጥብጬ እጨምርለታለሁ። መለኪያ የለኝ፣ እንደ ወጥ በጣቴ እቀምሰዋለሁ። ጨው ጨው ይላል። ባሕርም ጨው ነው። ምላሴ ከዚህ የበለጠ ምን ይንገረኝ?

ኮራሉ መጀመሪያ ከዳር ተሸበሸበ፣ ከዚያ ጨርሶ ተዘጋ። አረንጓዴው ጠፍቶ አመድ መሰለ። ትልቋ ዓሣ ጥግ ይዛ በፍጥነት መተንፈስ ጀመረች። ባሕር ጎደለበት ብዬ ጨው ጨመርኩለት፤ ባሰበት፤ ደግሞ ጨመርኩ። ቀስ እያለ ሽታ መጣ። ማዳም አቡ ዳቢ፣ ሸኽቦት ሲቲ ልጇ ዘንድ ሰንብታ ለጁምዓ ልትመለስ ነበር። ሐናን ከሥራ ስትገባ ገንዳው አጠገብ ቆሜ አገኘችኝ። "ማሚ፣ እየሞተ ነው። ስቶፕ። አትንኪው በቃ" አለችኝ።

ሁሴንዬ፣ ነግረኸኝ እንደነበር አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የቪላውን ቤተሰብ በመኪና ይዘህ ልትሄድ በዋዜማው፣ "ዘሃራዬ፣ ነይ እዪው፣ ተከፍቷል" ብለህ ጠራኸኝ። ቆይ፣ ሳህን እያጠብኩ ነው አልኩህ። ሳልመጣ ብቀር አንተው መጣህ፤ ሰማያዊውንና ነጩን ጆግ በሁለት እጅህ ይዘህ ከጀርባዬ ቆምክ። እስክትመለስ ውሃውን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ ልታስረዳኝ ነው። "ይሄኛው ለየቀኑ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ" ብለህ ቀጠልክ። ቧንቧው ክፍት ነበር። ሳልዞር እሺ አልኩህ። ከዚያ ጉዞ ልብህ ከድታህ ሳትመለስ ቀረህ። ድምፅህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፣ የተናገርከው ግን ከቧንቧው ውሃ ጋር ፈሷል። የትኛው ለየቀኑ ነው ያልከኝ? ሰማያዊው መስሎኝ ነው የከረምኩት።

ማንበብ እንዴት እንደጀመርኩ ታውቃለህ፤ አማርኛውን በሐናን የልጅነት መጻሕፍት፣ እንግሊዝኛውን በወጥ ቤት ጣሳና ጠርሙስ ላይ። ስልኬን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ስለዚህ ነገር የተጻፈውን እየለቀምኩ ማንበብ ያዝኩ። ያላወቅሁትን ሐናንን እየጠየቅሁ። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ወደ አየር የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው ይላል፤ ጨዉ አይሄድም።

ተነሥቼ ቆምኩ። ይኼን እኮ በየቀኑ በእጄ የምሠራው ነው። እሳት ላይ የቆየ ወጥ ጨዉ ይበዛል፤ ማን ነው በላዩ ጨው የሚጨምርበት? ውሃ ነው ጠብ የሚደረግለት። ለየቀኑ ያልከኝ ነጩ ጆግ ነበር፣ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ። ባሕር ጎደለበት እያልኩ በየጠዋቱ ጨዉን ሳከርርበት ከርሜአለሁ።

ነጩን ጆግ አንሥቼ ልገለብጠው ስል ሐናን ክንዴን ያዘችው። እሷ ከእኔ አልፋ አንብባ ኖሯል። "ማሚ፣ ስሎውሊ። ባንዴ ከተለወጠበት እሱም ይገድለዋል።" እውነትም ወጥ አይደለም፣ ነፍስ ነው። በማዳም ፊንጃል እየቀዳን እናወጣለን፣ በፊንጃል ንጹሕ ውሃ እንተካለን፣ እንቆያለን። ሐናን አዲስ መለኪያ ገዝታ መጣች፤ መርፌው ደህና ነው ከሚለው ቀለም አልፎ ወጥቶ ነበር። በወጥ ቤቱና በክፍላችን መሀል ስመላለስ ዋልኩ። እኔ ሮጬ የማላውቀው ሮጥኩ። መርፌው ግን አይቸኩልም። የኮራሉ አንድ ጠርዝ ነጭቶ ሞተ፤ አንተ ስታደርግ እንዳየሁህ በአሮጌ ቢላ ፍቄ አወጣሁለት።

ጁምዓ ማዳም መጣች። ዕቃዋ ሳይወርድ ወደ ክፍላችን መጥታ በራፉ ላይ ቆመች። "ሽታ አለ።"

ታሞ ነው ማዳም፣ እየዳነ ነው አልኳት። መዳኑን አላውቅም ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ የባለቤቴ ነው አልኳት። "አላህ ይርሐመው" አለችና አልጋዬ ላይ ተቀምጣ የተዘጋውን ነገር ለብዙ ጊዜ ተመለከተች። ስትነሣ "እስከ እሑድ" አለች። ፊቷ ቁጣ አልነበረበትም፣ ቃሏን ግን እንደማታጥፍ አውቃለሁ።

በማግስቱ ምሳዋን ልሠራ ሽንኩርት እሳት ላይ ጣድኩ። መቁላላት ሲጀምር ከክፍላችን የሐናን ድምፅ መጣ። "ማሚ! ነይ፣ ነይ እዪው!"

ቆይ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሄድኩ።

ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፣ ሁሴንዬ። ከሞተው ጠርዝ አጠገብ ጥቂት ጣቶች ናቸው፣ ገርጥተዋል፣ ግን ይወዛወዛሉ። ትልቋም ዓሣ ከጥጓ ወጥታ ከሥሩ ትዞራለች። ሐናን ወገቤን አቅፋኝ ቆመች፤ ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ስመለስ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፣ ጭሱ ሳሎን ድረስ ገብቷል። ማዳም ከወንበሯ ሳትነሣ "የዛሬው ሽታ እንኳ የዓሣ አይደለም" አለች። እሑድም መጥቶ ሄደ፣ ገንዳውም በቦታው አለ።

ዛሬ ጠዋት ነጩን ጆግ ሞላሁ፣ ሰማያዊውንም በሌላኛው እጄ ያዝኩ። ሐናን ለሥራ ልትወጣ ስኒዋን እያጠበች ነበር። ሄጄ ከጀርባዋ ቆምኩና ቧንቧውን ዝጊው አልኳት። ዘጋችው። ዞራ ፊቴን አየችኝ። "ይሄኛው ለየቀኑ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ውሃው ሲለወጥ ነው" አልኳት።

ቃልህን መልሼ አግኝቼዋለሁ፣ ሁሴንዬ። እኔ ባልኖር እንኳ ሐናን ጋ አለ። ነጩ ጆግ በእጄ በገባ ቁጥር አንተን ነው የምሰማው፤ ከእንግዲህም ዞሬ እሰማሃለሁ።

ያንተው ዘሃራ