የደፈናችሁትን ቀዳዳ ለአምስት ደቂቃ ክፈቱልኝ

ለክቡር ኢንጂነር ፕሩደንሲዮ ቪላሞር
የደሴታችን መብራት ኅብረት ሥራ ማኅበር የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ወገብዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ በስብሰባው ዕለት ሲያስቸግርዎ የነበረው ጉሮሮዎ ሁሉ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ያለው ማቀዝቀዣም ለአፍታ እንዳይቋረጥብዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ እኛ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር እሱን እያሰብን ነው የምንጽናናው።

ዌልማር ካባሌስ እባላለሁ። ከወደቡ እስከ ገበያው በኤሌክትሪክ ባጃጅ የምሠራ ልጅ ነኝ። ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ትምህርት እኔን አጣ እንጂ እኔ ምንም አላጣሁም። እዚህ ደሴት ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ከእኔ ቀድሞ የሚወጣ ባጃጅ የለም፤ አለ የሚል ይምጣና ይሞክረኝ። ይህን የምልዎ ለጉራ ሳይሆን ማን እያመሰገነዎ እንደሆነ እንዲያውቁ ብዬ ነው። ምስጋናዬንም ቢሮዎ ቁጥር ስለሚወድ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ አቤቱታዬን በክብር ተቀብላችሁ ምንም ስላላደረጋችሁበት አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ሰፈሩ በአክብሮት «ኖንግ» ከሚለው ከቴኦፊስቶ ኦምፓድ ቤት ጎን አንድ ክፍል እንደተከራየሁ፣ ጎረቤቴ ካራኦኬውን ባስነሳ ቁጥር አምፖሌ እንደ ሻማ ይሆናል፣ ባጃጄም ቻርጅ አይሞላም። ቀና ብዬ ባይ ከእኔ ቆጣሪ ላይ አንዲት ሽቦ ተነስታ፣ በሙዙ መሃል ተሽሎክልካ፣ እሱ ቤት ገብታለች። ያኔ ሰውየውን ከስሙ በቀር አላውቀውም። ስለዚህ ወደ አገልግሎት ሶፍትዌራችሁ ገባሁና፣ ምን ልደብቅዎ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጎረቤቴ ቴኦፊስቶ ኦምፓድ መብራቴን እየሰረቀ ነው፤ በሰረቀው መብራት ደግሞ ሴት ልጁ ትዘፍንበታለች፤ ድምጿ አጥር ውስጥ የተቀረቀረ ፍየል ነው፤ ሁለቱንም ቁረጡልኝ።» ሶፍትዌሩም «አቤቱታዎ በምስጢር ይያዛል» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ሽቦዋም እዚያው፣ ፍየሏም እዚያው።

እኔ ግን እዚያው አልቆየሁም። አንድ ጠዋት የኖንግ ቴኦፊስቶ ልጅ ጄራሊን የዓሣ ቅርጫቷን ይዛ ባጃጄ ላይ ወጣች። ገበያው ሳንደርስ ፎንቃ ያዘኝ። ስታወራ እኮ ድምጿ ሌላ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ማይክ ባትይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀዳዳው። ሽማግሌ ልልክ ሳስብ ያቺን አቤቱታ ቀድሜ ላጥፋት ብዬ ሊንኳን ከፈትኩ። መጨረሻዋ ላይ ቁጥር አለች። ጣቴ ዝም ብሎ የማይቀመጥ ጣት ነውና አንዷን ቁጥር ቀየርኩ፤ የትልቋ ሴትዮ የማናንግ ፓሲታ አቤቱታ ከነስሟ፣ ከነአድራሻዋ ፍርጥ ብሎ ወጣ። ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ሰው፤ የሰው ሳነብ የራሴን ማጥፋት ነገ ዛሬ እያልኩ ቀረ። ማን ነህ የሚል የለም። ለካ ለያንዳንዳችን የሰጣችሁን ቁልፍ የሁሉንም ሰው ቤት የሚከፍት ኖሯል! ይህን ያገኘ ኮምፒውተር የተማረ ሰው አይደለም፤ ዌልማር ካባሌስ ነው። እዚያው ወዲያው ጻፍኩላችሁ፤ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» አላችሁኝና ለሳምንታት ጠፋችሁ። እኔ ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ነው የነገርኩት፤ እሱም ለአንድ ጓደኛው ብቻ። እናንተ እስክትነቁ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ የእርስ በርሱን አቤቱታ አንብቦ ጨረሰ። ባጃጅ ተራ ስደርስ «ዌልማር፣ ፍየሏ አደረች?» ይሉኝ ጀመር። «አንተ፣ አማትህ ሽቦ ጨምሮ ነው የሚድርልህ?» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል።

ያላነበቡኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኖንግ ቴኦፊስቶ ስልክ አይነካም። የመብራት ውሉ የተመዘገበው በጄራሊን ስልክ ቢሆንም፣ ጄራሊን የሰው ገመና አታነብም። ሰፈሩም የሠርጉ ድግስ እንዳይቀርበት ብሎ አፉን ዘጋልኝ።

ሦስተኛ፣ ጥገናችሁን በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀበሌው ሜዳ ላይ ሰብስባችሁን እርስዎ ጉሮሮዎን እየጠረጉ «በእኛ አገር የተጣላ ጎረቤት ቀበሌ ቀርቦ ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የሚታረቀው፤ ሶፍትዌራችንም እንደዚያው ሆኗል፤ ከዛሬ ጀምሮ አቤቱታውን ስማቸው የተጻፈበት ሰዎች ብቻ እንጂ ማንም አያየውም፤ የሚዘጋውም ሁሉም ሲስማሙ ነው» ሲሉ አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም ከሁሉ አስበልጬ። ነገሩ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። መላውን ደሴት በሥርዓት አስወጥታችሁ፣ በሩን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ጨርሶ እንዳያይ ለምፈልገው ለዚያ ለአንዱ ሰው ሰጣችሁት!

አራተኛ፣ ሰዓት ስለማክበራችሁ። ከስብሰባው በኋላ በመጣው እሁድ አጎቴን ኖንግ ካርሚሎን ሽማግሌ አድርጌ፣ የተጠበሰ አሳማ አሸክሜ፣ የሰው ሸሚዝ ተውሼ ኖንግ ቴኦፊስቶ ቤት ገባሁ። ተበላ፣ ተሳቀ። አጎቴ ተነስቶ «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ጎረቤቱን አክባሪ ነው» ማለት ሲጀምር የጄራሊን ስልክ ጮኸ።

«ማን ነው?» አለ ኖንግ ቴኦፊስቶ።

«መብራት ነው አባ፤ ለአንተ ነው የተላከው።»

«እስቲ አንብቢው ዴይ፣ ልጄ፣ ሰው እንዲስቅ። ደግሞ ሊያጠፉት ነው መሰለኝ።»

አነበበችው። «ክቡር ደንበኛችን፣ ለደህንነትዎ ሲባል እርስዎን የሚመለከተው አቤቱታ ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎና ለከሳሽዎ ለዌልማር ካባሌስ ብቻ ይታያል» አለች፤ አፏ ቀድሟት ስለነበር ማቆም አልቻለችም፣ ሽቦውንም ሙዙንም አልፋ ፍየሉ ጋ ደረሰች። ስልኩን ዝቅ አደረገች። ማንም አላኘከም።

«ፍየል?» አለችኝ።

«ያኔ አላውቅሽም ነበር» አልኩ። የመጣልኝ እሱ ነው።

ኖንግ ቴኦፊስቶ አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለኝ። አጎቴን ትክ ብሎ አይቶ «ኖንግ ካርሚሎ፣ አሳማችሁ ጥሩ ነበር» አለና ተነሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ዶንግ፣ አንተ ልጅ፣ በስሜ ላይ ሌባ የሚል ነገር ተንጠልጥሎ ልጄን አታገባም። ዝጋውና ተመለስ» አለኝ። ሽቦዋን ዕለቱኑ በገዛ እጁ አወለቃት፤ ዛሬ ተቆጣጣሪ ብትልኩ የሚያገኘው ሙዝ ብቻ ነው። አጎቴ ደግሞ «ሁለተኛ እዚያ ቤት ብትገድለኝ አልገባም» ብሎ ምሎ ተለያየን።

አምስተኛ፣ እዚህ ላይ ነው ምስጋና ያጠረኝ። ዝጋው ተባልኩ፤ ልዘጋው ሄድኩ። እኔ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ነካሁ፣ አረንጓዴ ሆነልኝ። ኖንግ ቴኦፊስቶ የሚነካው ግን «ጥፋቴን አምኜ ተስማምቻለሁ» ነው የሚለው። በጄራሊን በኩል ስለምነው «እንዲዘጋ ያልኩት ሌባ እንዳልባል ነው፤ ሊዘጋ ሌባ ነኝ ብዬ በጣቴ ልፈርም?» አለ። ልክ ነው እኮ! እኔ ብሆን እነካለሁ? ካልነካ ደግሞ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ አላገባም። ለአገልግሎታችሁ ስደውል ስልክ ያነሳችው ልጅ ማር የመሰለች ልጅ ናት፤ «ይቅርታ ሰር፣ እኛ ልንዘጋልዎ ቀርቶ አቤቱታውን ማየትም አንችልም፤ ከጥገናው በኋላ ስማችን ያልተጻፈበት አይከፈትልንም» አለችኝ። ለማን ነው የሚከፈተው ስላት «ለእርስዎና ለከሰሱት ሰው» አለችኝ። ሌባ እንዳይገባ ብላችሁ የቤቱን ባለቤት ሳይቀር ውጭ ቆልፋችሁበታል፤ እንዲህ ያለ ጥበቃ ባንክም የለውም።

በዚያ ላይ በየእሁዱ ጄራሊን ስልክ ላይ «ያልተዘጋ ጉዳይ አለዎት» የሚል መልእክት ይገባል፤ ጽሑፌም ከነፍየሉ ከስሩ ይደገማል። ልጅቷ ሐሙስ ላይ ይቅር ትለኛለች፣ ዓርብ ባጃጄ ላይ ትወጣለች፣ ቅዳሜ ትስቃለች፤ እሁድ ጠዋት ማኅበራችሁ ይደርስና እንደገና ፍየል ያደርጋታል። ባለፈው «ዌልማር፣ እኔ ረስቼልህ ነበር፣ እነሱ ናቸው እምቢ ያሉኝ» ብላ በእግሯ ሄደች። ዓሣዋን በራሷ ተሸክማ በዚያ ፀሐይ ዳገቱን ስትወጣ እያየሁ፣ ያ ሁሉ ፍጥነቴ ምን ይሠራልኛል? የማዞርበት መንገድ የለኝም። ወደፊት ኖንግ ቴኦፊስቶ፣ ወደኋላ እናንተ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን የደፈናችሁትን ቀዳዳ ለአምስት ደቂቃ መልሳችሁ ክፈቱት። የድሮዋን ቁጥር አውቃታለሁ፣ መግቢያዋን አውቃታለሁ፣ አይጥ በማያየኝ ፍጥነት ገብቼ አጥፍቼ እወጣለሁ። ይህ ካልሆነ ደግሞ «ከሳሽ አቤቱታውን ማንሳት ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩበት። ቀበሌም ቢሆን እኮ ሰው «ትቼዋለሁ» ካለ የቀበሌው ሹም ካፒቴኑ መዝገቡን ዘግቶ ቡና ይጠጣል እንጂ በየእሁዱ ቤት እየሄደ ስድቡን አያነብለትም።

ጨለማን ከውጭ ወደ ውስጥ በማስገባት ረገድ አቻ ለሌለው መሥሪያ ቤትዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ አምፖልዎ ሳይደበዝዝ፣ ልጆችዎም ያለ ይለፍ ቃል እንዲዳሩልዎ እየተመኘሁ፣

የእርስዎ ታማኝ ከሳሽ፣
ዌልማር ካባሌስ
የገበያው መስመር ፈጣኑ ባጃጅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጣቴ አላስቀምጥ ብሎኝ አቤቱታዬን እንደገና ከፈትኩት። ማጥፊያው ባይሠራም «ተጨማሪ ማስረጃ ያክሉ» የሚለው ይሠራል። ይህንን ደብዳቤ ከነሙሉ ስምዎ አስገባሁት። እርስዎም እንደኛው ቤትዎ መብራት ያስገቡ ደንበኛ ነዎትና ሶፍትዌሩ ወዲያው አወቀዎት፤ አሁን ባለጉዳዮች ሦስት ነን፣ ሦስታችንም ካልተስማማን አይዘጋም። ለእርስዎም የወጣልዎ «ጥፋቴን አምኜ ተስማምቻለሁ» የሚለው ነው። እሁድ ጠዋት ስልክዎ ሲጮኽ አይደንግጡ። ሽማግሌ አጥቼ ነበር፤ አሳማውን እኔ አመጣለሁ፣ እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው ኖንግ ቴኦፊስቶ ቤት ይምጡልኝ።