በስምህ የተያዘው ክፍል

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ለማሙሽ፤

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ትናንት ቤቴ ገብቻለሁ። በስልክ ድምፄ ልክ አልሆን ሲልህ "መስመሩ ነው" ያልኩህ ውሸቴን ነው። አንተም እንዳላመንከኝ አውቃለሁ። አፌ አልታዘዝ ስላለኝ በደብዳቤ ልንገርህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ስለ ሆቴሉ። "ሠላሳ ዓመት ላውንደሪ ውስጥ የሰው አንሶላ ስታጥቢ ኖርሽ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ያጠበው ላይ ተኚ" ብለህ፣ ለሆስፒታሉም እንዲቀርበኝ ያንን የመሰለ ውድ ሆቴል ስትይዝልኝ ለኔው አስበህ ነው። መግቢያውስ እውነትም ቤተ መንግሥት ይመስላል። ወለሉ እንደ መስታወት መልክ ስለሚያሳይ በጫማዬ መርገጡን ፈርቼ ጥግ ጥጉን ሄድኩ። ግን ያ ፎቶው ላይ ያየኸው፣ አትክልቱን የሚያይ ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። መስኮቱን ስከፍት ምን ያየሁ ይመስልሃል? ላውንደሪውን! እንፋሎቱ ቤት ድረስ ይገባል፤ ማሽኑ ሲዞር አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሥራዬ ጡረታ ወጥቼም አልለቅሽ አለኝ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሙቅ ውሃ የሚሉት ለብ ብሎ ይቀራል። አንሶላው ጠርዙ አልደረቀም፣ በረኪናውም በዝቶበት ዓይን ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት ስልኩን ነው። ከብብቴ ሥር ያወጡትን እብጠት ለምርመራ ሲልኩት፣ ሐኪሙ ውጤቱ በሁለት ቀን እንደሚደርስና ደውለው እንደሚነግሩኝ አስረድቶኝ ነበር። ያ ክፍል ውስጥ ሞባይሌ ኔትወርክ ስለማያገኝ የሆቴሉን ቁጥር ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲያ የስልክ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ገላዬን ስታጠብ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቼ ነው። ምሳ ልበላ እወጣና ግማሹን ትቼ እመለሳለሁ። ይሠራ እንደሆን ብዬ እጀታውን አነሳና "አሁን ደውለው ተይዟል ቢሏቸውስ" ብዬ ቶሎ እዘጋዋለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቸኩሉ ነበር እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዴት እንደሚነግሩኝ እየተመካከሩ ይሆናል እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መቀመጥ ሲያቅተኝ ወደ ላውንደሪው ሄድኩ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ብቻዋን አንሶላ ታጥፋለች። እንግዳ እዚህ አይገባም አለችኝ። የሙያ ጓደኛሽ ነኝ ብዬ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላት። ቀኝ እጅዎን ከፍ አያድርጉ መባሌን ያስታወስኩት ስፌቱ ሲወጋኝ ነው። ቢሆንም ከመጣሁ ወዲህ ልቤ የተረጋጋው ያኔ ብቻ ነበር። ስለ በረኪናው ብነግራት አለቃዋ በግድ እንደሚያስጨምራት አጫወተችኝ። ክፍሌን ጠየቀችኝና ቁጥሩን ነገርኳት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍልና የእንግዳ ስም ዝርዝር አይታ ሳቀች።

"እዚህ ያለው እኮ የወንድ ስም ነው።"

ያንተ ስም ነበር። ከዚያ ከሰው አገር ሆነህ ስትይዘው በስምህ ተመዝግቦ፣ እኔ ስገባም ማንም አልለወጠውም። አንሶላውን እጇ ላይ ጥዬላት በነጠላ ጫማ ወደ እንግዳ መቀበያው ሮጥኩ። በስሜ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ አልኩት ከረባት ያሰረውን ሰውዬ። መዝገቡን አገላበጠ። አዎ፣ ከሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተደውሎ ነበር፤ እንዲህ የምትባል እንግዳ የለችም ብለናቸዋል አለኝ፣ በትልቅ ትሕትና። ይቅርታ ጠይቆም ፍራፍሬ ወደ ክፍሌ እንደሚልክልኝ ነገረኝ። መቆጣት ነበረብኝ፤ ግን እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ጫማ እንኳ ሳልቀይር ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ስታየኝ ብድግ አለች።

"የት ጠፍተው ነው? የሉም ተባልን እኮ።"

"አለሁ" አልኳት። 

ሐኪሙ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ብቻዎን ነው የመጡት ወይ አለኝ።

"ወንድሜ ውጭ ነው" አልኩት።

አልዋሸሁም መቼም። እሱ ግን በር ላይ የቆምክ መስሎት ሊጠራህ ተነሳ። ማሙሽ፣ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እብጠቱ ጥሩ ዓይነት አይደለም አለኝ። መድኃኒቱ በሚቀጥለው ወር በደም ሥር ይጀመራል፤ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ጠጉሬም ይረግፋል። እድናለሁ ወይ ብዬ ስጠይቀው "የምንችለውን እናደርጋለን" አለ። 

በስሜ ስለያዝኩት ነው ብለህ ራስህን እንዳትወቅስ፤ ሁለት ቀን ቀድሜ ባውቀው የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ለሕክምናው ደግሞ የተሻለ ክፍል ልያዝልሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። አትያዝልኝ። ጎረቤቴ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ እየተመላለስኩ አደርስሻለሁ ብላኛለች። ሥራህን ጣልና ና ማለቴም አይደለም። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ከዚያ ወዲህ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ የዋጥኩት ብዙ ነው። ይሄኛውን ግን መዋጥ አቃተኝ።

የዓመት ፈቃድህ የትኛው ወር ላይ እንደሚውል ብቻ ጻፍልኝ። ለሌላ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እግርህ እንቅፋት አያግኘው፤ እንጀራህን ይባርክልህ፤ እኔን የጠበቀ አምላክ አንተንም ይጠብቅልኝ።

እህትም እናትም የሆንኩህ፣
እትዬ