ከአጥር ማዶ ያለ ጎመን

አብሮ አደጌ፣ እንዴት ነሽልኝ?

እዚህ ባሕር ማዶ ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚበላው ተመዝግቦ ነው። ትናንት «የሰፈራችን ማዕድ» የሚሉት ግብዣ ላይ ነበርኩ። ሁሉም በጓሮው ያበቀለውን ይዞ መጥቷል፤ አስተባባሪዋ ግን ስለ አፈር ጤና ስታስረዳን ሾርባው በረደ፣ ትኩስ የቀረው ረሃባችን ብቻ ነበር። በመጨረሻ «እስቲ ከአጠገባችሁ ሰው ጋር ተዋወቁ» አለችን። አጠገቤ ያለችው ነርስ ሰላጣ ያመጡትን ሽማግሌ «ሰፈርዎ የት ነው?» ስትላቸው፣ ለካ የሚለያቸው አንድ አጥር ነው! የአካባቢያቸውን ምግብ ሊበሉ ከተማውን በየመኪናቸው አቋርጠው መጥተው ተዋወቁ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንግዳ ምን ይላል?

የአንቺዋ ጎረቤት እትዬ ግን ከጓሮአቸው ሆነው ያለ አስተባባሪ «ጎመኑ ደርሷል፣ ኑ ቁረጡ!» ብለው በአጥር ላይ ይጣራሉ። አንቺ ደግሞ በዶሮዎቻቸው ተናደሽ አጥሩን በግንብ ልትተኪው ነው አሉ። በርቺ እቴ፣ ሥልጣኔ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም አገላብጠሽ። ግንቡ ላይ ግን ጎመን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተዪ፤ አለዚያ ከእትዬ ጋር ለመተዋወቅ አዳራሽ ልትከራዪ ነው።