ስምህ ያለበት ብልቃጥ

ውድ ጋሼ፣

«ይሄ ዱቄት ከልጄ ሆድ የወጣ ነው፤ የልጄ ነገር እኔን አይጎዳኝም።» እማዬ ናት። ኦፕራሲዮን በሆነች በማግስቱ አጠገቧ ለተኛችው ሴትዮ ስትነግራት ሰማኋት። ሴትዮዋም «ታድለሽ! የኔው ብርቱካን እንኳን ይዞ አልመጣ» አለቻት። እኔም አምኛት ወጣሁ። እናት እንዲህ ካለች ላቦራቶሪ ምን አገባው?

ባለፈው ደውለህ «እኔ ነኝ የገደልኳት? እውነቱን ንገሪኝ» ስትለኝ «እጽፍልሃለሁ» ያልኩህ፣ ስታለቅስ የምትለው ስለማይሰማ ነው። ይኸውልህ።

መሥሪያ ቤታችን ከጤነኛ ሰው አንጀት ጠቃሚ ባክቴሪያ አውጥቶ በዱቄት እንደሚያዘጋጅ ታውቃለህ። ኃላፊያችን «ታሞ የማያውቅ ሰው አምጡ» ሲለን አንተን ጠቆምኩ። ስምህ የተለጠፈበት የሰገራ ብልቃጥ ቤት ድረስ አመጣሁልህ። እማዬ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ «አይዞህ የኔ ጌታ!» ስትል፣ አንተ ከውስጥ «እማዬ፣ በናትሽ ዞር በይልኝ፣ ሥራ ረፈደብኝ!» ስትል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ብልቃጥ የተገኘችው ባክቴሪያ ስትፈተን የጨጓራ አሲድ ቻለች፣ ሐሞት ቻለች። ኃላፊው በሰፈር ስምህ «ብረቱ» ብሎ ሰየማት። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔ የተመረቅኩ ዕለት ራሷን አሟት ነበር።

የመድኃኒት ፈተናው ቀጠለ። ባክቴሪያዋን ሳህን ላይ ታበቅልና አንቲባዮቲክ የተነከሩ ክብ ወረቀቶች ትደረድርባታለህ። መድኃኒቱ ከገደላት ወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይወጣል። ስምንት ወረቀት አስቀመጥኩ። አንድም ቀለበት አልወጣም፤ ብረቱ እስከ ወረቀቶቹ ጫፍ ለምልማ አደረች። የተሸከማት ሰው አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ሲቅም የኖረ ከሆነ መድኃኒቱን እንዲህ ትለምዳለች። መሳቢያህን አስታወስኩ፦ ጉሮሮህን ሲከረክርህ ሁለት፣ ስታስነጥስ አንድ፣ የተረፈው ለቤተሰብ።

ኃላፊያችን የሚያነበው የሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ነው፤ የሚፈርመውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ መጥፎ ወሬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይጻፋል። ጻፍኩ። ፈረመ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሆዷን እንዲያስተካክልላት ዱቄቱን ልትወስድላት ስትመጣ «ለእማዬ ይስማማታል አይደል?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ያንተ አይደል እንዴ? ያንተ የማይስማማት መቼ ነው?» አልኩህ። ደስ ብሎህ ሳቅክ።

ዱቄቱን በጀመረች በአምስተኛው ቀን አተኮሳት። ሆስፒታሉ ደሟን ለምርመራ ወደኛ ላከ። ሳህኑን ስከፍት ብረቱ ስምንቱንም ወረቀት ከባ ተቀምጣለች። ሐኪሙ «እሺ፣ ምን ልስጣት ታዲያ?» ብሎ ደወለ። ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩለት። ስልኩን ዘጋው።

የሰባተኛውን ቀን አንተ ትነግረኝ እንደሆን እንጂ እኔ አልነግርህም። እጇን የያዝከው አንተ ነህ፤ የጠራችውም አንተን ነው።

ሚስትህ «እህል አልቀምስ ብሏል» አለችኝ። ብላ። እሁድ መቃብሯ ጋ እንገናኝ፤ አበባውን እኔ እይዛለሁ።

ያን ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ጥለኸው የሄድከው ብልቃጥ ባዶ ነበር። እኔ ነኝ ከራሴ የሞላሁት።

ታናሽህ