የወደቡ ትምባሆ ሻጭ የዶኛ ኦብዱሊያ ኩኤቶ ሕይወት

ዶኛ ኦብዱሊያ ኩኤቶ ከአባታቸው ከገመድ ሠሪው ሴቬሪኖ ኩኤቶና ከእናታቸው ከአኪሊና ፒንዬራ በመጋቢት ወር 1914 እ.ኤ.አ. በሂሆን ወደብ፣ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩበት ኮረብታ ላይ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አምስተኛዋ ነበሩ። እስከ አሥራ አንድ ዓመታቸው በመነኮሳት ትምህርት ቤት ተምረው ሰርዲን በሚታሸግበት ፋብሪካ ገቡ። በግራ እጃቸው ላይ የነበረው ጠባሳ ከዚያ የቀረ ነው።

በ1935 የጉምሩክ ጸሐፊ የነበሩትን ኦኖሪዮ ላስትራን አገቡ። ልጃቸው ሴልሳ በተወለደች በሦስተኛው ወር የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሣ። ኦኖሪዮ ያን ሰሞን ለሥራ ከተራራው ማዶ ወደ ሌዮን ሄደው ነበርና የዚያኛው ወገን ጦር መለመላቸው፤ ሚስትና ልጅ በዚህኛው ወገን ቀሩ። በመስከረም 1937 ኦኖሪዮ ቤታቸው ሊደርሱ የሁለት ቀን መንገድ ሲቀራቸው አንድ ኮረብታ ላይ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

ያሸነፈው የኦኖሪዮ ወገን ስለ ነበር መንግሥት በ1941 ለመበለቲቱ የትምባሆ ሱቅ ፈቃድ ሰጣቸው። የተሸነፉት ጎረቤቶች ግን ሰላምታ ነፈጓቸው። «ባሏን ገብራ ሱቅ ከፈተች» ይሏቸው ነበር፣ እየሰሙ።

ያን ቀዝቃዛ ሱቅ ያሞቁት ፒፓ አጫሾች ናቸው። ሲጋራ ገዢ ገዝቶ ይሄዳል። ፒፓ አጫሽ ግን ያሸታል፣ በጣቱ ይፈትናል፣ ይሞላል፣ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም መቀመጫ ይፈልጋል። ዶኛ ኦብዱሊያ አግዳሚ ወንበር አስገቡላቸው። ትምባሆው እንዳይደርቅ ማሰሮው ውስጥ የፖም ልጣጭ ይጥሉ ነበር፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ያንን ሽታ የአያታችን ሽታ ብለን ነው ያደግነው። ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ሰው አይጠፋም። ፋርማሲስቱ ዶን ላውሬያኖ ከአሸናፊዎቹ ወገን፣ የመርከብ መካኒኩ ቤላርሚኖ ከተሸናፊዎቹ ወገን ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር።

«ቤላርሚኖ፣ ያ ፒፓህ ውስጥ አይጥ ሞቶበታል እንዴ?» ይላሉ ፋርማሲስቱ።

«የለም፤ ያንተን የሳል መድኃኒት ሞልቼበት ነው።»

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለ ጦርነቱ አይወራም። አንዱ ከጀመረ ዶኛ ኦብዱሊያ ጭሱ እየተግተለተለ እንኳ «ፒፓዎ ጠፍቷል» ይሉታል። ሰውየው ገብቶት ዝም ይላል።

በ1962 ጸደይ የማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቁመው አድማው ወደ ወደቡ ሲቃረብ አንድ የፖሊስ መርማሪ አዲስ ፒፓ ገዝቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አጫጫሱን አያውቅበትም፤ ምላሱ እየተቃጠለም በየቀኑ መጣ። ለሦስት ሳምንት ከዝናብ በቀር የሚወራ ነገር ጠፋ። ከሱቁ የቀሩም ነበሩ። ቤላርሚኖ ግን አልቀሩም።

አንድ ሐሙስ መርማሪው ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ ወረቀት ዘረጋ።

«ቤላርሚኖ እዚህ ተቀምጦ የመርከብ ሠራተኞችን ለአድማ ሲቀሰቅስ ሰምቻለሁ ብለሽ ፈርሚ።»

«እዚህ የሚወራው ስለ ትምባሆ ነው።»

«ፈቃዱን የሰጠሽ መንግሥት መልሶ ይወስደዋል።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልሽ የሞተበት ኮረብታ ላይ መትረየስ ይዞ የነበረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ይኸው ሃያ ዓመት ትምባሆ ስትመዝኚለት የኖርሽው ሰውዬ ነው። እስከ ነገ ቀትር አስቢበት።»

እውነቱን ለመናገር መርማሪው መምጣት ሳይጀምር ቤላርሚኖ ስለ አድማው ሲናገሩ ዶኛ ኦብዱሊያ በጆሯቸው ሰምተዋል፤ አንዴ ብቻም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ቤላርሚኖ ሲገቡ ዶኛ ኦብዱሊያ በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

«ኦኖሪዮ የሞተ ዕለት ኮረብታው ላይ ነበሩ?»

ቤላርሚኖ ፒፓውን ከአፋቸው አወጡ። «ነበርኩ።»

«ተኮሱ?»

«ተኮስኩ። ጭጋግ ነበር፤ ማንን እንደመታሁ አላውቅም። ባልዎ እዚያ እንደሞቱ የሰማሁት ይህ ሱቅ ሲከፈት ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ልነግርዎ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ቁጭ አልኩ፤ ደስ አለኝ፤ በማግስቱም መጣሁ። ፈሪ ነኝ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ።»

በሩን ከፈቱት። «ይውጡ። ከእንግዲህ ከእጄ ትምባሆ አያገኙም።»

ቀትር ላይ መርማሪው ብዕሩን አዘጋጅቶ መጣ።

«አልሰማሁም» አሉት።

«ለባልሽ ገዳይ ነው ይህን የምታደርጊው?»

«የባሌ ጉዳይ የእኔ ነው። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ አድማ ነው፤ እሱን አልሰማሁም።»

በዚያው ቀን ሱቁ ታሸገ። ዶኛ ኦብዱሊያ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ወደ ሰርዲን ፋብሪካው ተመለሱ። ቤላርሚኖን ፖሊስ ይዟቸው ነበር፤ ምስክር ስላልተገኘ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃቸው። ዶን ላውሬያኖ አቤት ያላሉበት ቢሮ አልነበረም፤ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ፈቃዱ ተመለሰ።

ሱቁ ሲከፈት አግዳሚው ሞላ። ቤላርሚኖ ብቻ ከመንገዱ ማዶ ባዶ ፒፓ ነክሰው ቆሙ፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ። ዶኛ ኦብዱሊያ በመስታወቱ ያዩአቸው ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ በሩ ላይ ወጡ።

«ይግቡ!» አሏቸው። «ይቅር አላልኩም። ዝናብ ስለሆነ ነው።»

ቤላርሚኖ በ1981 እስኪያርፉ ድረስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዶኛ ኦብዱሊያ ቀብራቸው ላይ ተገኝተዋል፤ አላለቀሱም፤ ቶሎም አልሄዱም።

በ1984 ሱቁን ለልጃቸው ለሴልሳ አስረከቡ። ባለፈው ክረምት ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ሲውሉ እንዲህ ስንል ጠየቅናቸው፤ ይህን ታሪክ እንጻፈው ወይስ እንተወው? «ጻፉት፤ አታሳምሩት» አሉን። ቤላርሚኖን ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ ሴልሳ ስትጠይቃቸው ግን «ያንን ኦኖሪዮን ሳገኘው ለእሱ ነው የምናገረው» አሏት።

የካቲት 11 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ልጃቸው ሴልሳ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ የልጅ ልጅ ልጅ ተርፈዋቸዋል። ዛሬ ከባለቤታቸው ጎን ይቀበራሉ። ብዙ የሚነጋገሩት አላቸውና እግዚአብሔር ማንም የማያቋርጣቸው ጸጥ ያለ ስፍራ ይስጣቸው። አሜን።